ለቬሎና ለመልስ የእጅና የእግር ኩቴክስ አንድ ዓይነት መሆን አለበት?

የጥር ሙሽራ

ሰላም እህቶች። ስለ ኩቴክስ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ እስቲ አማክሩኝ። ሠርጌ ጥር መጨረሻ ነው። እሑድ ነጭ ቬሎ እለብሳለሁ፤ ማክሰኞ መልስ ላይ የሐበሻ ቀሚስ በካባ ነው። የቀሚሱ ጥለት ወይን ጠጅና ወርቅማ ነው፣ ካባው ደግሞ ጥቁር ወይን ጠጅ ሆኖ በወርቅ ክር የተጠለፈ። ሁለቱም ቀን ጫማዬ ከፊቱ ክፍት ስለሆነ የእግሬ ጣቶች ይታያሉ።

መልኬ ጠይም ነው። ኑድ (የቆዳ ቀለም የሚመስል) ተብሎ የሚሸጠው ቀለም ሁሉ እጄ ላይ ሲቀባ አመድ የነካሁ ያስመስለኛል። ጥፍሬ አጭር ነው፣ አርቴፊሻል ማስለጠፍ አልፈልግም። የተቀባሁት ደግሞ በሁለተኛው ቀን ከጫፉ መላጥ ይጀምራል። ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ባለው ጊዜ እጄን እንደገና መቀባት እችላለሁ፤ እግሬን ግን ቁጭ ብዬ ለማሠራት ጊዜ የለኝም።

የእጅና የእግሩ ይመሳሰል ወይስ ይለያይ? ለጠይም ሴት የሚሆነው ኑድ የቱ ነው? ሚዜዎቼ አራት ናቸው፣ እነሱስ ምን ይቀቡ?

ቀለም በብርሃን

እንኳን ለዚህ አበቃሽ እህቴ። አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ መዛመድ ግን አለበት። ምርጫውንም ከእግርሽ ጀምሪ። ብዙ ሴት እጇን አሳምራ ከመረጠች በኋላ እግሯን በተረፈው ጠርሙስ ትቀባለች፣ አለመስማማቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ የእግር ጥፍር ግን የዚያን ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። እጅ ላይ በሁለተኛው ሳምንት ከሥሩ ባዶ ጥፍር ብቅ ይላል፣ እግር ላይ ሦስት ሳምንት ቢቆይም ብዙ አያስታውቅም። እግር ደግሞ ዕቃ አያጥብም፣ ሽንኩርት አይልጥም። በደንብ የተቀባ የእግር ኩቴክስ ቬሎውንም መልሱንም ጫጉላውንም ይዞልሽ ይሄዳል። ስለዚህ እግርሽ ከሁለቱም ልብስ ጋር የሚስማማ አንድ ቀለም ይያዝ፣ እጅሽ እንደ ልብሱ ይቀያየር።

ላንቺ እግር የምመርጠው ወደ ቀይ የሚያደላውን ጥቁር ወይን ጠጅ ነው፣ ቡርጋንዲ የሚባለውን። ከካባሽ ጋር ዘመድ ነው። ከነጭ ቬሎ ሥር ብቅ ሲል ደግሞ እንደ ደማቅ ቀይ ዓይን አይወጋም። አንድ ነገር ግን አስተውዪ፦ ጫማሽ ብርማ ወይም ነጭ ከሆነ ትንሽ ሰማያዊ ያለበትን ወይን ጠጅ ውሰጂ፤ ወርቅማ ከሆነ ወደ ሸክላ ቀለም የሚያደላውን። ጠርሙሱን ጫማው ላይ አስጠግተሽ ስታዪው ልዩነቱ ወዲያው ይታይሻል።

አሁን ወደ ኑድ። አመድ የሚያስመስልሽ በቀለሙ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ነው፤ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይባላል፣ የግድግዳ ቀለምንም ነጭ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀለሙን ያነጣል፣ ብርሃን እንዳያሳልፍም ያደርገዋል። ከቡኒ ቆዳ አጠገብ ሲቀመጥ ደግሞ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም መቀባት ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሮዝማ ቡኒ ሆኖ ይታያል፣ ጥፍር ላይ ሲውል ግን የጥፍርሽ ተፈጥሯዊ ቀለም ከሥሩ ይታያል። ሁለተኛው የሚደፍን ሆኖ ለአንቺ የሚጠጋ ቀለም መምረጥ ነው፦ ካራሜል፣ ቀረፋ፣ ወይም ወተቱ ያልበዛ ማኪያቶ።

ለማመሳሰል የእጅሽን ጀርባ አትዪ። ጣትሽን ወደ ጎን አዙረሽ ከጥፍሩ አጠገብ ያለውን ቆዳ ተመልከቺ። ጠይም እጅ ላይ እዚያ ጋ ሁለት ቀለም ይገናኛል፤ ከመዳፍ በኩል የመጣው ሮዝማና ፈዛዛው፣ ከአንጓው በኩል የመጣው ጠቆር ያለው። ጥሩ ኑድ ማለት ከመዳፍሽ የጠቆረ፣ ከአንጓሽ የፈካ ነው። ከሁለቱም ፈክቶ ከተገኘ ያ ያማረርሽበት አመድማ ኑድ እሱ ነው። አጭር ጥፍር ላይ እንዲህ ያለው ቀለም ጣትን ያስረዝማል፣ ዓይን ጥፍሩ የት እንደሚያልቅ ስለማያገኝ።

ሱቅ ውስጥ በጠርሙስ ዓይተሽ አትግዢ። የሚያሳልፍ ስኮች ፕላስተር ላይ ሁለት ጊዜ ቀቢ፣ ሲደርቅ በጥፍርሽ ልክ ቁረጪና ለጥፊው። አንዴ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ አንዴ ማታ በአምፖል፣ አንዴ በስልክ ፍላሽ ፎቶ አንሥተሽ እዪው። ቢጫ መብራት ያለበት አዳራሽ ውስጥ ወይን ጠጅ ወደ ቡኒ ይሄዳል፤ በጣም የጠቆረው ከነጭራሹ ጥቁር ይመስላል። ፎቶሽ በብዛት የሚነሣው ማታ ከሆነ ከወደድሽው በአንድ ደረጃ የፈካውን ውሰጂ።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። የአብዛኞቻችን የእግር ጣት ከእጃችን ይጠቁራል፣ በተለይ አንጓው ላይ። ያው አንድ ጠርሙስ እግር ላይ ሲቀባ ደመቅ ብሎ ይታያል። ፈዛዛ ሐምራዊ፣ የሕፃን ሰማያዊ፣ የወተት ሮዝ የመሳሰሉት ደረቅ እግር ላይ የቆዳውን ድርቀት ያጋልጣሉ። እነሱን የምትወድ ካለች ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ጣቷን ዙሪያውን ቫዝሊን ትቀባ።

ለሌሎችም እንዲጠቅም፦ ቀይ መልክ ላላት ሴት ሮዝ፣ ኮራልና ንጹሕ ቀይ ይሄዳሉ፤ ቢጫ የበዛበት ቡኒ ግን እጇን የታመመ ያስመስለዋል። የቀይ ዳማ ለሆነች የሸክላ ቀለም፣ መዳብና ብርቱካናማ ቀይ የተፈጠሩላት ናቸው። ጥቁር መልክ ላላት ደግሞ የቀለም ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፤ ንጹሕ ነጭ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ የሰናፍጭ ቢጫ፣ ወርቅ ሌላ መልክ ላይ የማያገኙትን ድምቀት እሷ ላይ ያገኛሉ። ጥቁር እጅ ላይ የሚያስፈራው አንድ ብቻ ነው፣ ያ ኖራ የመሰለ ፈዛዛ ኑድ።

ሚዜዎችሽ እግራቸውን ሁሉም ያንቺኑ ወይን ጠጅ ይቀቡ፤ በፎቶ አንድ መስመር ይሠራል። እጃቸውን ግን እያንዳንዷ በራሷ መልክ ልክ የመረጠችውን ኑድ ትቀባ። አንድ የኑድ ጠርሙስ ለአራት መልክ ገዝቶ ማካፈል ሁለቱን ያሳምርና ሁለቱን ያበላሻል።

የእጅሽ ነገር እንግዲህ፦ እሑድ ስስ ሮዝማ ቡኒ። ሰኞ ማታ በአሴቶን አንሥተሽ ለማክሰኞ የእግርሽን ወይን ጠጅ።

ሞረድና ጥጥ

በምርጫው እስማማለሁ፣ በአንዱ ነገር ግን አልስማማም። የእሑዱ ኑድ ካልተላጠ ሰኞ ማታ አሴቶን ማስነካት አያስፈልግም። ስሱ ቀለም ራሱ እንደ ቤዝ ኮት (ከቀለሙ በፊት እንደሚቀባው መሠረት) ያገለግላል። በላዩ ላይ ወይን ጠጁን ሁለት ጊዜ በስሱ፣ ከዚያ ቶፕ ኮት (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው መሸፈኛ)። ንብርብሩ ስለሚወፍር ሳምንት አይቆይም፤ ለማክሰኞ ግን ከበቂ በላይ ነው፣ ጥፍርሽም በአሴቶን አይደርቅም። ከጫፉ የተላጠ ካለ ያንን ጣት ብቻ አንሥተሽ አዲስ ጀምሪ።

ማክሰኞ ጠቆር ያለ ቀለም እንዲሆን የምደግፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ጉርሻ። መልስ ላይ ቀኝ እጅሽ ወጥ ውስጥ ነው የሚውለው። የአልጫው እርድ ፈዛዛ ቀለም ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ የበርበሬው ዘይትም ከጥፍሩ ሥር ይገባል። ካሜራው ደግሞ የሚጠጋው ጣትሽ ባልሽ አፍ ጋ ሲደርስ ነው። ወይን ጠጅ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም።

የመላጡ ነገር ከኩቴክሱ ጥራት ይልቅ ከዝግጅቱ ነው የሚመጣው። ሳሎን ስትገቢ እጅሽን ውኃ ውስጥ ይነክሩልሻል፣ አይደል? ጥፍር ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል። ባበጠው ላይ ቀለም ይቀባል፤ ማታ ጥፍሩ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ቀለሙ ግን አብሮ አይሰበሰብም፣ ስለዚህ ከጫፉ ይነሣል። እጅሽን ሳይነክሩ በደረቁ እንዲሠሩልሽ ጠይቂ። ከተነከረም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ለእግር ማርጠቡ ይጠቅማል፤ ተረከዝ ያለ ውኃ በቀላሉ አይፈገፈግም። እግሩ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ይፈግፈግ፣ ይድረቅ፣ ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ሁለተኛው ጠላት ቅባት ነው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ የፀጉር ዘይት። ሹሩባ የሚሠሩልሽ በዚያው ቀን ከሆነ ፀጉሩ ይቅደም። ከመቀባትሽ በፊት እያንዳንዱን ጥፍር አሴቶን በነካ ጥጥ ጥረጊው። ጥፍሩ ድፍን ብሎ ነጣ ሲል ዝግጁ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ቅባት ቀርቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ቤዝ ኮት አንድ ጊዜ፣ በስሱ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ናቸው ወይን ጠጁን ሲያነሡ ጥፍራቸው ቢጫ ሆኖ የሚያገኙት፤ ቀይና ጠቆር ያሉ ቀለሞች ጥፍር ውስጥ ይሰርጋሉ። 2 ደቂቃ ጠብቂ። ጠርሙሱን አትወዝውዢው፣ አረፋ ይገባበታል፤ በሁለት መዳፍሽ መካከል አንከባልዪው። ብሩሹን በጠርሙሱ አፍ አንዱን ጎን ጥረጊ። ጠብታውን ጥፍሩ መሃል አሳርፊ፣ ወደ ሥር ግፊው፣ ቆዳውን ሊነካ የፀጉር ውፍረት ሲቀረው አቁሚና ወደ ጫፍ ሳቢው። ከዚያ ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ፣ አበቃ። እየተመላለሱ መደባበስ መስመር ያወጣል። በጎንና በጎኑ በጣም ቀጭን ክፍተት ብትተዪ አጭር ጥፍርሽ ረዘም ብሎ ይታያል፤ ጠቆር ያለ ቀለም ላይ ይህ ብልሃት በደንብ ነው የሚያስታውቀው።

ዋናው ነገር ጫፉ ነው። ብሩሹ ላይ በቀረው ቀለም የጥፍሩን አፋፍ፣ ውፍረቱ የሚታይበትን ቦታ፣ አንድ ጊዜ ዳሰስ አድርጊው። ቀለሙ ጫፉ ላይ ሲታጠፍ ውኃ መግቢያ ያጣል። ቶፕ ኮቱንም እንደዚሁ። በንብርብሮቹ መካከል 3 ደቂቃ ይበቃል። ሁለት ስስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ትነቱ መውጫ ሲያጣ አረፋ ይሆናል። ለማፍጠን ብለሽ የፀጉር ማድረቂያ ፎን በሙቁ አትለቂበት፣ ያው አረፋ ነው ትርፉ። በቀዝቃዛው ከሆነ ችግር የለውም።

በ15 ደቂቃ ሲነካ የደረቀ ይመስላል። ውስጡ ግን እስከ ማግስቱ ለስላሳ ነው። ለዚህ ነው ማታ ተቀብታ የተኛች ሴት ጠዋት የአንሶላ ሽመና ጥፍሯ ላይ ታትሞ የምታገኘው። እግርሽን ሐሙስ፣ እጅሽን ዓርብ ከሰዓት አሠሪ። እግሩ ላይ ቢያንስ ለ2 ሰዓት ካልሲም ዝግ ጫማም አይደረግ፤ ነጠላ ጫማ ይዘሽ ሂጂ። እሑድ ጠዋት እጅ ላይ አንድ ስስ ቶፕ ኮት ብትጨምሪ ብርሃኑ እንደ አዲስ ይሆናል።

ጠርሙሱ ከወፈረ አሴቶን አትጨምሪበት፤ ለጊዜው ያቀጥነዋል፣ ከዚያ ይቋጠራል። የኩቴክስ ማቅጠኛ ለብቻው ይሸጣል፣ 2 ወይም 3 ጠብታ ይበቃል። የቤት ቀለም ቲነር የሚጨምሩም አሉ፤ እባካችሁ ተዉ፣ ለጥፍርም ለትንፋሽም ጥሩ አይደለም።

የጥር ሙሽራ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። እናቴ ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት እንሶስላ እንድሞቅ ትፈልጋለች። ጓደኞቼ ደግሞ ኩቴክስ ትተሽ ጄል (በላምፕ ብርሃን የሚጠነክረውን የጥፍር ቀለም) አድርጊ ይላሉ። አብረው ይሄዳሉ?

ያያ እንሶስላ

ልጄ፣ እናትሽን እሺ በያት፣ አብሮ ይሄዳል። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ብቻ ነው።

እንሶስላ ሥሩ ነው የሚፈለገው። ይላጣል፣ ይወቀጣል፣ እጅና እግር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ ያድራል። አንድ ሌሊት ብርቱካናማ ቀይ ይሰጣል፤ እየጠቆረ እንዲሄድ የምትፈልግ ሁለት ሦስት ሌሊት ትደግመዋለች። በሐረርና በድሬዳዋ፣ በወሎም እስላሙ ዘንድ ሂናው ነው የሚበዛው። ሂና ከተነሣ በኋላ ወዲያው ፈዛዛ ነው፤ እውነተኛ ቀለሙ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ከሠርጉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ መጨረስ ነው።

ቆዳ ላይ ያለው በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ጥፍር ላይ ያለው ግን አይታጠብም፤ ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ይቆያል፣ እግር ላይ ከዓመት በላይ ሊሆን ይችላል። አንቺ እሑድ ስስ ኑድ መቀባት ካሰብሽ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ ስስ ቀለም ከሥሩ ያለውን ብርቱካን ያሳያል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመሞቅሽ በፊት የእጅሽን ጥፍር ቀለም በሌለው ኩቴክስ ሁለት ጊዜ ሸፍኚው። ሲነሣ በአሴቶን ታጥቢዋለሽ፣ ጥፍሩ ንጹሕ ይወጣል፣ ቆዳው ይቀላል። የእግርሽን ጥፍር አትሸፍኚ፣ ወይን ጠጁ ይደብቀዋል።

እንሶስላ የሞቀ እጅ ላይ ሮዝና ሐምራዊ ይጣላሉ። ወርቅማ፣ መዳብ፣ ቡርጋንዲ፣ ካራሜል ይስማማሉ። ከላይ የመረጡልሽ ስስ ሮዝማ ቡኒ ወደ ቡኒው ያዘንብል፣ ሮዙ ይቀነስ።

ጥቁር ሂና የሚባለውን አትንኩ። ሂና በተፈጥሮው ጥቁር አይሆንም፤ በደቂቃዎች የሚያጠቁረው የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ስለተቀላቀለበት ነው፣ ቆዳን አቁስሎ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ለሙስሊም እህቶቼ ደግሞ፦ ሂና ውኃ ስለሚያሳልፍ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) ችግር የለበትም። ኩቴክስ ግን ውኃ ከጥፍር እንዳይደርስ ስለሚከለክል ከውዱእ በፊት መነሣት አለበት። ለዚህ ነው ብዙዎች ለሠርጋቸው እጃቸውን በሂና ብቻ የሚያሳምሩት፣ ደግሞም ያምርባቸዋል።

ሥራዬ ጥፍር ነው

ጄልን በተመለከተ እግርሽን ጄል፣ እጅሽን ተራ ኩቴክስ አድርጊ። እጅሽ ሰኞ መቀየር አለበት፣ ጄል ደግሞ ችኮላ አይወድም። ለማንሣት ላዩ በሞረድ ይፈገፈጋል፣ አሴቶን የነከረ ጥጥ ይደረግበታል፣ በፎይል ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ሲለሰልስ በእንጨት ዱላ ቀስ ብሎ ይገፋል። የቸኮለች ሴት በጥፍሯ ትልጠዋለች፣ ከሱ ጋር የጥፍሯን ላይኛ ሽፋን ይዞ ይነሣል። "ጄል ጥፍሬን አሳሳው" የሚባለው አብዛኛው ከአነሣሡ ነው።

ወይን ጠጅ ጄል ላይ የተለየ ጥንቃቄ አለ። ጄል በአየር አይደርቅም፣ በላምፕ ብርሃን ነው የሚጠነክረው፤ ጠቆር ያለ ቀለም ደግሞ ብርሃኑን ራሱ ይጋርዳል። ወፍራም ከተቀባ ላዩ ይጠነክርና ውስጡ ለስላሳ ይቀራል፣ በማግስቱ ይሸበሸባል ወይም እንደ ልጣጭ ይነሣል። በጣም ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ እንዲቀቡልሽ ንገሪያቸው። ባለ 48 ዋት ኤልኢዲ ላምፕ ለእያንዳንዱ ንብርብር ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃዋል፣ የድሮው ዩቪ 2 ደቂቃ ይፈልጋል። አውራ ጣት ላምፑ ውስጥ ወደ ጎን ስለሚተኛ ለብቻው መግባት አለበት። እግር ላይ ደግሞ ትንሿ ጣት ከጎረቤቷ ሥር ትደበቃለች፤ ቀና ብላ ብርሃኑን ማየቷን ራስሽ አረጋግጪ።

ቀለም ሳይጠነክር ቆዳ ከነካ ላምፕ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት ይጠረግ፣ "ምንም አይልም" ቢሉሽ እንኳ። ያልበሰለ ጄል ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ አንዴ ከመጣ በአብዛኛው የዕድሜ ልክ ነው። ጥርስ ሲሞላም ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ስላለ እዚያም ሊከተል ይችላል። ውጭ አገር ያላችሁ የድሮ ጠርሙስ ካላችሁ ጽሑፉን አንብቡ፤ ቲፒኦ የሚባለውን የጄል ማጠንከሪያ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመዋቢያዎች ውስጥ ከልክሎታል።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ባትሪ ያለው ላምፕ መኖሩን ቀድመሽ ጠይቂ። ግማሽ የበሰለ ጄል ይዞ መብራት መጠበቅ አይቻልም፤ መጠረግና እንደገና መጀመር ነው።

የእግር ጥፍርሽ ቀጥ ተብሎ ይቆረጥ። ዳርና ዳሩን ማጉበጥ ሥጋ ውስጥ እንዲበቅል ያደርገዋል። ሙሉ ቀን በተረከዝ ጫማ ለምትቆም ሙሽራ ደግሞ ያ ሕመም እንዲህ በቀላሉ የሚቻል አይደለም።

ነርሷ እህት

ሁላችሁም ቆንጆ ነው ያላችሁት። አንድ የጤና ነገር ልጨምር። ኩቴክሱ ሲነሣ፣ አዲሱ ከመቀባቱ በፊት፣ ጥፍራችሁን በባዶው እዩት፤ በተለይ የእግሩን። ሦስት ሳምንት ያለፈው ቀለም ሲነሣ ነጭ ሻካራ ነጥቦች ከታዩ ብዙ ጊዜ ድርቀት ነው፤ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይቀቡ ዘይት እያስነኩ ማሳረፍ ነው። ቢጫ ሆኖ የወፈረና የሚፈረፈር ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ በላዩ እየቀቡ መደበቅ ያባብሰዋል።

ጥቁር መስመር ደግሞ የኛ ዓይነት ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጥፍር ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጣት ላይ ካለና ከዓመት ዓመት ካልተለወጠ በአብዛኛው አያሳስብም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወደ ቆዳው የፈሰሰ ጥቁረት ግን ሳይውል ሳያድር የቆዳ ሐኪም ይየው። ቦብ ማርሌይን የገደለው ካንሰር የጀመረው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ታውቆ በ1981 ሕይወቱ አለፈ። ሁልጊዜ ጠቆር ያለ ቀለም የሚቀባ እግር እንዲህ ያለውን ምልክት ለወራት ሊሸፍን ይችላል።

ለቀዶ ሕክምና ወይም ለወሊድ የምትገቡም ቀለሙን አንሥታችሁ ግቡ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ ጥቁር፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል።

ቀለም በብርሃን

ሞረድና ጥጥ፣ በላዩ ላይ ስለመቀባቱ ትክክል ነሽ፤ ለአንድ ቀን ከሆነ ያንቺ ይሻላል። ሙሽራችን፣ ሠርጉ በተክሊልና በቁርባን ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት የነፍስ አባትሽን አማክሪ። ጥፍር ሳይቀቡ እንዲቆረብ የሚያዝዙ አሉ። እንደዚያ ካሉሽ እግሩም ጄል መሆኑ ይቀርና ሁሉም ተራ ኩቴክስ ይሁን፤ ጠዋት ባዶ ጥፍር ይዘሽ ገብተሽ ከሥርዓቱ በኋላ ስሱን ኑድ አንድ ጊዜ ከነቶፕ ኮቱ መቀባት ነው። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል፣ ስስ ስለሆነም በችኮላ ቢቀባ ጉድለቱ አይታይም። ወይን ጠጅ በችኮላ አይሞከርም።

የጥር ሙሽራ

ሠርጉ በተክሊል አይደለም፣ ስለዚህ እግሬን ሐሙስ በወይን ጠጅ ጄል አሠራለሁ። እጄ እሑድ ስስ ቡኒ፣ ማክሰኞ በላዩ ላይ ወይን ጠጅ። እንሶስላውን ማክሰኞና ረቡዕ ማታ እሞቃለሁ፣ የእጄን ጥፍር ሸፍኜ። በዕለቱ አንድ ጣት ቢነካብኝስ?

ሞረድና ጥጥ

ትንሽ ቦርሳ ለአንዷ ሚዜ ስጫት። ሁለቱ የቀለም ጠርሙሶች፣ ቶፕ ኮት፣ ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ እና በትንሽ ብልቃጥ አሴቶን። ቀለሙ ገና እርጥብ ሆኖ ከተጨማደደ ብሩሹን በአንድ ጠብታ አሴቶን አርጥበሽ የተጨማደደውን ቦታ ቀስ ብለሽ አለስልሺው፣ ሲረጋ ቶፕ ኮት። ጫፉ ብቻ ከተላጠ የተላጠውን ቦታ በቀለም ሙዪው፣ 3 ደቂቃ ጠብቂ፣ ጥፍሩን ሙሉ አንድ ጊዜ ቀቢ። ቆዳ ላይ የፈሰሰውን ስቴኪኒ ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ታነሺዋለሽ።

አሴቶኑ ግን ቬሎው ባለበት ክፍል አይከፈት። አንዳንዱ ገበርና ሪባን የሚሠራው ከአሴቴት ጨርቅ ነው፤ አሴቶን ሲነካው ይሟሟል፣ ቀዳዳ ነው የሚሆነው። ሚዜሽ ሌላ ክፍል ወይም ኮሪደር ላይ ጥጡን ታርጥብ፣ ጠርሙሱን ትዝጋ፣ ከዚያ ጥጡን ብቻ ይዛ ትምጣ፤ አንቺም እጅሽን ከቀሚሱ አርቀሽ ዘርጊላት።